ብረት የተባለችው እናት

ስሙን ያወጣችላት አጣፊዋ ናት።

ሁለቱ ሴቶች በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቶቹ ጣሪያው ሥር ስለሆኑ ከውጭ የሚታየው የመንገደኛ እግር ብቻ ነው። አንደኛዋ ከማሽኑ የወጣውን እርጥብ አንሶላ በጋሪ እየገፋች ለመተኮሻው ታቀርባለች። ሌላዋ የተተኮሰውን ታጥፋለች፤ ሥራዋ ስሟ ሆኖ ቀርቶ ሰው ሁሉ አጣፊዋ ይላታል። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏ ደግሞ ከእጇ ይፈጥናል። የአልጋ አንሶላ መቼም ለብቻ ሲያጥፉት መልክ አይዝም፤ ጫፍና ጫፍ የሚይዝ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ጋሪ ገፊዋ ጋሪዋን ባዶ ባደረገች ቁጥር መጥታ ጫፉን ትይዝላታለች። ፊት ለፊት ቆመው፣ ተራርቀው፣ ተጠጋግተው፣ ወሬያቸውንም በዚያው እየቆራረጡ ነው የአንዷ ኑሮ ለሌላዋ የታወቀው።

ታዲያ አንድ ማለዳ ጋሪ ገፊዋ ዓይኗ ደም መስሎ፣ ክንዷ ላይ የጥርስ ምልክት ይዛ መጣች። በዋዜማው ልጇን ጥርሷን ልታስነቅል ወስዳት፣ አራት ሰው ይዟት አልቻላትም ነበር፤ የነከሰቻትም እሷው ናት። እናትየው ግን ሰዓቷን አንድ ደቂቃ ሳታሳልፍ ፈርማ ገባች፤ ሁለት ወንድ የሚገፋውን ሙሉ ጋሪ ብቻዋን ገፍታ አመጣች።

«አንቺ ሴት፣ ብረት ነሽ እንዴ?» አለች አጣፊዋ ጮክ ብላ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጋሪ ገፊዋም ሳቀች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ከዚያን ቀን ወዲያ ብረቷ ሆና ቀረች። አለቃቸው ሳይቀሩ «እስቲ ብረቷን ጥሩልኝ» ማለት ጀመሩ።

የብረቷ ልጅ አንድ ናት። ጉንጯ ድቡልቡል ስለሆነ ጉንጬ ይሏታል፤ ይህ ታሪክ በሆነበት ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ቃል የላትም። ሁለት ዓመት ሳይሞላት የነበሯት አራት አምስት ቃላት አንድ በአንድ ጠፉ፤ ሐኪሞቹ ኦቲዝም ነው አሉ። ሦስት ዓመት ሲሞላት አባቷ ለሥራ ብሎ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄደ፤ አየሩ ተስማምቶት መሰለኝ በዚያው ቀረ። ሴት አያቷ ግን ነበሩ፤ እናቷ ሥራ ስትውል ይጠብቋት ነበር። ባለፈው ዓመት እሳቸውም ሲያርፉ ብረቷ አለቃዋን ለምና ወደ ግማሽ ቀን ሥራ ተዛወረች፤ እሷ ሥራ ስትሆን ልጅቷ እንደሷ ያሉ ልጆች በሚውሉበት ማእከል ትቆያለች።

አጣፊዋ ጓደኛዋን ታደንቃታለች። ማድነቅ ብቻም አይደል፣ ትተርካታለች። ለጎረቤቶቿ፣ በስልክ ለእህቷ፣ እራት ላይ ለባሏ የምታወራው የብረቷን ገድል ነው። «አንዲት ጓደኛ አለችኝ» ብላ ጀምራ አድማጩ ዓይኑ እንባ እስኪያቅር ትወስደዋለች። ሥራ ቦታም ከወጣቶቹ ሠራተኞች አንዷ ወገቤን አለች እንደሆነ፣ «አንቺ ደግሞ! ብረቷን አይተሽ አታፍሪም?» ትላታለች። ሁለት ልጆቿን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት ናት፤ ሆኖም የራሷን ልጆች ስታነሳ እንደዚያ ድምፅዋ አይሞቅም።

በበዓል፣ በእሑድ ወደ ብረቷ ቤት ብቅ ትላለች። ብርቱካን ይዛ ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፣ ጉንጬን ከሩቅ «የእኔ ቆንጆ» ትላታለች፣ ትመለሳለች። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ከእሷ ጋር ለሩብ ሰዓት ብቻዋን ቀርታ አታውቅም። ይህን ያስተዋለችው ግን በኋላ ነው።

አንድ ቀን አንሶላ እያጠፉ ሳለ ብረቷ ጫፉን እንደያዘች ቆመች።

«ዶክተሩ ከእንግዲህ አይቆይም አሉኝ» አለች።

«ምኑ ነው የማይቆየው?»

«ዕጢው ነዋ። የማሕፀን ዕጢ ነው። ሦስት ዓመት ደም ሲፈሰኝ ቆየ። አሁን ደምሽ አልቋል፣ በዚህ ወር ካልወጣ እኛ የለንበትም አሉኝ።»

«ሦስት ዓመት? እኔ የት ሆኜ ነው ሦስት ዓመት?»

«እዚሁ ነበርሽ» አለች ብረቷ። ጫፉን አምጥታ አስረከበቻትና ሌላ አንሶላ አነሳች።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ውጪ፣ ተገላገይ!»

«ጉንጬንስ?»

አጣፊዋ በሐሳቧ ሰው ፈለገች። አባትየው የለም። አያትየው አርፈዋል። ማእከሉ ልጅ አያሳድርም። ከብረቷ ቤት ሥር የምትኖረው ጎረቤት ጭቅጭቅ ትወዳለች። በአእምሮዋ በር ሁሉ ዞራ ዞራ ስታበቃ ክፍት ሆኖ ያገኘችው የራሷን በር ነው፤ ልትዘጋው እየፈለገች ሳለ አፏ ቀደማት።

«እኔ አለሁልሽ አይደል እንዴ!»

ብረቷ አንሶላውን አስቀመጠች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። አጣፊዋ ይህችን ሴት ስታለቅስ አይታ አታውቅም ነበርና ከማዘን ይልቅ ደነገጠች።

ማታ ለባሏ ነገረችው። መካኒክ ነው፤ ነገር ሲያስብ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ግራሶ ያያል።

«ስንት ቀን?» አላት።

«ስምንት። እዚያው ቤቷ ነው የማድረው፤ ልጅቷ ቦታ ከቀየረች አትችልም። ዓመት ፈቃዴን እወስዳለሁ።»

«የሰው ልጅ እኮ ነው። አንድ ነገር ብትሆንስ?»

«እናቷ አሥራ አንድ ዓመት ችላው የለም እንዴ?»

«እሷ እናቷ ናት» አለ።

የብረቷ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ነው። ዕቃው ሁሉ ከግድግዳ ጋር ተጣብቋል፤ ቁም ሣጥኑ በብሎን ታስሯል፣ መስኮቱ ፍርግርግ አለው፣ የበሩ ቁልፍ ደግሞ ልጅቷ ከማትደርስበት ከፍታ ላይ ነው። ብረቷ ሆስፒታል በምትገባበት ዋዜማ አጣፊዋን አስቀምጣ «አሥራ አንድ ዓመት የተማርኩትን በግማሽ ሰዓት ልንገርሽ» አለቻት።

ነገረቻት። ጉንጬ ነጭ ነገር ካልሆነ አትበላም፤ ዳቦ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ እርጎ፤ ሳህኑም ቢጫው ፕላስቲክ መሆን አለበት። ቧንቧ ሲከፈት ብታይ ቀኑን ሙሉ እዚያ ትቆማለች። ደረጃ ላይ እጇን ሳይሆን አንጓዋን ነው የሚይዙት፤ እጇን ከያዝሽ ታመልጥሻለች። ወደ ማእከሉ ሲሄዱ በዳቦ ቤቱ በኩል ነው፣ በፋርማሲው በኩል አይደለም። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ከጠዋት እስከ ማታ ይዞራል፤ ብርድም ቢሆን ይዞራል።

«ከጮኸችስ?» አለች አጣፊዋ።

«ትጮሃለች። ምክንያቱን ካገኘሽው ታበቃለች። ካላገኘሽው…» ብረቷ ትንሽ አሰበች። «ካላገኘሽው አጠገቧ ተቀመጪ። ምንም አትበያት። ቁጭ ብቻ በይ።»

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያለችግር አለፉ። ብረቷ ቀዶ ሕክምናውን ጨርሳ ነቃች ተባለ። ጉንጬ ሁለት ጊዜ ብቻ አለቀሰች፤ በሩ ሥር ተቀምጣ የእናቷን ነጠላ ጫማ ይዛ ትቆይና መልሳ ትተወዋለች። አጣፊዋ በዳቦ ቤቱ በኩል ወሰደቻት፣ በዳቦ ቤቱ በኩል መለሰቻት። በሦስተኛው ቀን ማታ ለእህቷ ደውላ «ያን ያህል እንኳ አይደለም» አለቻት። «ዋናው ትዕግሥት ነው።» ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን አላወቀችም።

አራተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ማእከሉ ዝግ ነው። ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ ቆመ።

ጉንጬ ቀና ብላ አየችው። መጀመሪያ አንድ ወጥ የሆነ ቀጭን ድምፅ አወጣች። ከዚያ ጮኸች። ጩኸቱ እንደ ሕፃን ጩኸት ከፍ ዝቅ የሚል አልነበረም፤ ትንፋሿ ሲያልቅ ይቆማል፣ ትንፋሿን ስትሞላ ካቆመበት ይቀጥላል። የራሷን መዳፍ ነከሰች። አጣፊዋ «መብራት ጠፍቶ ነው የእኔ እናት፣ ይመጣል» አለቻት። በካርቶን አራገበችላት። ቢጫውን ሳህን አመጣችላት፤ ሳህኑ ግድግዳ ላይ አረፈ። የተባለችውን አስታውሳ አጠገቧ ቁጭ አለች፤ ምናልባት ሃያ ደቂቃ ተቀመጠች። ጆሮዋ ጭው አለ። ተነሥታ ወደ ሌላው ክፍል ሄደች፣ ተመለሰች። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት አለፈ።

በሩ ተንኳኳ። የሥር ቤቷ ጎረቤት ናት።

«ምን እያደረግሻት ነው ልጅቷን?» አለች በበሩ ክፍተት ወደ ቤቱ እያየች።

«መብራት ጠፍቶ ነው።»

«መብራት ሲጠፋ ዛሬ የመጀመሪያው ነው? እናቷ ስትኖር እንዲህ አትጮህም ነበር።»

አጣፊዋ በሩን ዘጋች። ፊቷ ይግላል። ዞር ስትል ልጅቷ ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር ታጋጫለች። ሮጣ ሄዳ ያዘቻት፤ ጉንጬ ጥርሷን ትከሻዋ ላይ ተከለች። በዚያን ጊዜ አጣፊዋ እጇን አንሥታ በጥፊ መታቻት።

አንድ ጊዜ ነው። ግን አንሶላ በመዘርጋት ሠላሳ ዓመት የጠነከረ እጅ ነው፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

ጉንጬ ዝም አለች። አላለቀሰችም። ወደ ጥግ ሄዳ ፊቷን ለግድግዳ ሰጥታ ተቀመጠች። ዝምታው ለአጣፊዋ ከጩኸቱ ይልቅ ከበዳት፤ መሬት ላይ ቁጭ አለች። መብራቱ የመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ማራገቢያው ሲዞር ልጅቷ ቀና አላለችም።

በማግሥቱ እሑድ የአጣፊዋ ባል መጥቶ ከጉንጬ ጋር ለአንድ ሰዓት ሲቀመጥ እሷ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። የምትሠራበትን ሕንጻ በፊት ለፊት በር ስትገባው እንግዳ ሆነባት። ብረቷ አልጋዋ ላይ ተጋድማለች፤ ፊቷ ከትራሱ ልብስ አይለይም።

«ጉንጬስ?» አለች ሰላምታ ሳታስቀድም።

አጣፊዋ ዓይኗን በጨው አጥባ «እንደ ወርቅ ናት» አለቻት።

«አልጮኸችም?»

«ትንሽ። መብራት ጠፍቶ። ምንም አይደል።»

ብረቷ እጇን ይዛ ሳመችው። የሳመችው ቀኙን እጅ ነው። አጣፊዋ ሥራ እንዳለባት ሰው ብድግ ብላ ወጣች።

የቀሩት ቀናት ጸጥ ያሉ ነበሩ። ልጅቷ ትበላለች፣ ትሄዳለች፣ ትተኛለች። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። አጣፊዋ ፀጉሯን ልታስተካክል፣ አንገትጌዋን ልታቃና፣ አፏን ልትጠርግ እጇን ባነሳች ቁጥር ጉንጬ ዓይኗን ጭፍን ታደርጋለች። ሳትሸሽ፣ ሳታለቅስ፣ እንዲሁ ጨፍና ትጠብቃለች። አጣፊዋ እጇን ወደ ታች አድርጋ፣ ከጎን አድርጋ፣ ቀስ አድርጋ ሞከረችው። ለውጥ የለውም።

በስምንተኛው ቀን ብረቷ በታክሲ መጣች። ደረጃውን ግድግዳ እየያዘች አንድ በአንድ ወጣችው። ጉንጬ እናቷን ስታይ አልሮጠችም፤ ሄዳ ነጠላ ጫማውን አምጥታ እግሯ ሥር አስቀመጠችላት። ብረቷ ሳቀች፣ ወንበሩ ላይ በቀስታ ተቀመጠችና የልጇን ግንባር ልትዳስስ እጇን ዘረጋች።

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

የብረቷ እጅ መሐል መንገድ ላይ ቀረ። መልሳ አወረደችው፤ እንደገና አነሳችው። ጉንጬ እንደገና ጨፈነች።

«ማን ነው የመታት?» አለች ዞር ሳትል።

አጣፊዋ ማጀት በር ላይ ቆማለች። «የማእከሉ ልጆች ይሆናሉ» የሚል ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ።»

«እሑድ መጥተሽ እንደ ወርቅ ናት አላልሽኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«ቤትሽ ግቢ።»

«ምንም እንዳታነሺ ተብለሻል እኮ፣ ስፌቱ…»

«ቤትሽ ግቢ አልኩሽ!»

አጣፊዋ ቦርሳዋን ይዛ ወረደች። የሥር ቤቷ ጎረቤት በሯ ላይ ቆማ «ነገርኩሽ» በሚል ዓይን አየቻት።

ወደ ሥራ ተመለሰች። ብረቷ የስድስት ሳምንት እረፍት ስለታዘዘላት ጫፉን የምትይዝላት አንዲት ወጣት ሠራተኛ ሆነች። ሰው ሲጠይቃት «ደህና ናት፣ ተርፋለች» ትላለች። ሆድ ይፍጀው ብላ የሆነውን ለማንም አልተነፈሰችም፤ ለባሏም ቢሆን። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልሄደችም፤ አልደወለችም። በየጠዋቱ ዛሬ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ ትላለች፤ ስትወጣ ግን እግሯ ወደ ቤቷ አውቶቡስ ይወስዳታል።

በአሥረኛው ቀን አንሶላ እያጠፉ ሳለ ወጣቷን «ብረቷን ሄደሽ ጠየቅሻት?» አለቻት።

«ኧረ አልሄድኩም።»

«ለምን?»

«እሷ ምን ትሆናለች ብዬ» አለች ወጣቷ ክፋት በሌለው ድምፅ። «ብረቷ አይደለች እንዴ? እርስዎ ራስዎ አይደሉ የሚሉት?»

አጣፊዋ ዞራ የመተኮሻውን ሠራተኛ ጠየቀችው። አልሄደም። የማሽን ሠራተኞቹን ጠየቀች። አልሄዱም፤ አንዱ «ጠንካራ ሴት ናት፣ ሰው ከመጣባት ትረበሻለች ብዬ ነው» አለ። አለቃቸውን ጠየቀች፤ «የእኔ እመቤት፣ እኔማ አንቺ እዚያ የምትውዪ መስሎኝ» አሉ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው አለ። አንድም አልሄደም። አጣፊዋ ጋውኗን አውልቃ ሰዓቷ ሳይደርስ ወጣች፤ አለቃቸው ከኋላዋ ምን እንዳሉ አልሰማችም።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አንኳኩታ ገባች። ብረቷ መታጠቢያው ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብላ፣ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ፣ በሌላው ከባልዲ ውሃ እየጨለፈች ልጇን ታጥባለች። ባልዲው ሙሉ ነው። ቧንቧውን ብትከፍት የልጅቷ ዓይን እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ ውሃውን ከማጀት ነው የተሸከመችው።

ቀና ብላ አየቻት። ልጇን አድርቃ አልብሳ ጨረሰች። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠችና «ተቀመጪ» አለች።

አጣፊዋ ተቀመጠች። የይቅርታ ንግግሯን አውቶቡስ ላይ አዘጋጅታ ነበር፤ ልትጀምረው ስትል ብረቷ ቀደመቻት።

«እኔ ያልመታኋት መስሎሻል?»

«እ?»

«አምስት ዓመቷ ነበር። ሦስት ቀን አልበላ ብላኝ፣ ሥራ ረፍዶብኝ። በልብስ መስቀያ ነው የመታኋት፣ በብረቱ። ሰምበሩ ሁለት ሳምንት ክንዷ ላይ ቆየ፤ በሙቀት እጅጌ ረጅም ልብስ አለብሳት ነበር። እናቴ አየችው። አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ ቤት ውስጥ ያለውን መስቀያ ሁሉ ሰብስባ ሄዳ ጣለችው።»

አጣፊዋ ግድግዳውን አየች። የእናትና የልጅ ልብስ በምስማር በምስማር ተሰቅሏል። ስንት ጊዜ እዚህ ቤት ተቀምጣ ብርቱካን ስትልጥ ምስማሮቹን አይታ ምንም አላሰበችም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለማን ልንገር? ለአንቺ? አንቺ ስለእኔ ስትተርኪ እኔ ራሴ ያቺን ሴት አላውቃትም።» ብረቷ ድምፅዋን አላሳደገችም። «መጀመሪያ ስሙን ስታወጪልኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። ሰው ሲያዝንልኝ ከሚኖር ቢያደንቀኝ ይሻላል አልኩ። ኋላ ግን ሁሉም እጁን ኪሱ ከተተ። ብረትን ማን ያግዘዋል? ጋሪው ሲከብደኝ ከበደኝ ማለት አፈርኩ። ሦስት ዓመት ደም ሲፈሰኝ ፊት ለፊትሽ ቆሜ አንሶላ አጥፌያለሁ፤ አላየሽኝም። እንዴት ታይኛለሽ? ብረት አይደማም።»

አጣፊዋ ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ መጥቶ ነበር፤ ዛሬ የማልቀስ ተራው የእሷ እንዳልሆነ ስለገባት ወደ ውስጥ መለሰችው።

«ስለመታሻት አይደለም የተናደድኩት» አለች ብረቷ። «መምታትሽም አናዶኛል፤ አዎ። ግን ዋሸሽኝ። እጅሽን ሳምኩሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ከእንግዲህ ስለእሷ አትዋሺኝ። እሷ አትነግረኝም፤ ሌላ የሚነግረኝ የለም።»

ጉንጬ ከማራገቢያው ሥር በጀርባዋ ተኝታ ቀና ብላ ታየዋለች። አጣፊዋ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ከጭንቅላቷ ጠፍቶ ነበር።

«ባልዲውን ስጪኝ» አለች።

«ባዶ ነው።»

«ልሙላዋ። ድስቱም አልታጠበም።»

ብረቷ ለመከልከል አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ተወችው። ወንበሩን ደገፍ ብላ ዓይኗን ጨፈነች፤ አጣፊዋ ሳህኖቹን አጥባ ስትመለስ አፏ ትንሽ ተከፍቶ እንቅልፍ ወስዷት አገኘቻት።

ከዚያ ወዲህ አጣፊዋ ማክሰኞና ቅዳሜ ትሄዳለች። ባሏ ማጉረምረሙን አልተወም፤ «እኔም ቤት ውስጥ ሰው እፈልጋለሁ» ይላል፤ አንድ ቅዳሜ ግን በራሱ ፈቃድ መጥቶ በባትሪ የሚዞር ማራገቢያ ሠርቶ ሰቀለላቸው። ሥራ ቦታም ብረቷ የሚለውን ስም አጣፊዋ ለማስቀረት ሞክራ አልተሳካላትም፤ ስም አንዴ ከወጣ ባለቤት የለውም። እሷ ግን አትጠራበትም። ገድሉንም አታወራም። እህቷ በስልክ «ያቺ ጓደኛሽስ?» ስትላት «ደክሟታል» ትላለች፤ እህቷም የምትቀጥለው ነገር ታጣለች።

ጉንጬ ዓይኗን መጨፈን የተወችው ቶሎ አይደለም። አራት ወር ፈጀ፤ እሱም ሙሉ በሙሉ አይደለም። አንዳንድ ቀን አጣፊዋ አንገትጌዋን ስታስተካክልላት ዝም ብላ ትቆማለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ ጭፍን።

ብረቷ ወደ ሥራ ተመልሳለች። ዕጢው ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ሙሉ ጋሪ መግፋት ተከልክላ ትራስ ልብስ ላይ ተመድባለች። አሁን ከበደኝ ትላለች፤ ማለቱ ገና አልለመደላትም፤ ስትለው ድምፅዋ የተቆጣ ይመስላል።

ባለፈው ሰሞን ማእከሉ የየዓመቱን ቅጽ ልኮ ነበር። አጣፊዋ ቅዳሜ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ አገኘችው። ብረቷ ሁሉንም ሞልታለች፤ አንድ መስመር ብቻ ባዶ ነው። «እናት ወይም አባት በማይኖሩበት ጊዜ ልጁን የሚረከብ» ይላል። ቀድሞ የአያትየው ስም የነበረበት ቦታ ነው።

«ይህን አልሞላሽውም» አለች።

«አየሁት።»

«ምን ልትጽፊበት ነው?»

ብረቷ ድንች እየላጠች ነበር፤ አላቆመችም። «ምንም። አምና ዝም አልኩት፣ አልጠየቁኝም።»

አጣፊዋ ቅጹን አንሥታ ያዘችው። አለመኖር ማለት ለአንድ ከሰዓት በኋላ መዘግየት ሊሆን ይችላል። ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ቅጹ አይለይም። ቦርሳዋን ከፍታ እስክሪብቶ ፈለገች።

«ቆይ» አለች ብረቷ። ቢላዋውን አስቀምጣ፣ እጇን ጠርጋ፣ ከመሳቢያው ውስጥ አጭር እርሳስ አውጥታ ሰጠቻት። «በዚህ ጻፊው።»

«ለምን?»

«ለመፋቅ እንዲመች። አልቀየምሽም።»

አጣፊዋ እስክሪብቶዋን አግኝታው ነበር፤ ቦርሳዋ ውስጥ እጇ ላይ ነው። ለጥቂት ጊዜ ያዘችው። ከዚያ ለቀቀችውና ስሟንና ስልክ ቁጥሯን በእርሳሱ ጻፈች፤ ጽሑፉ ፈዛዛ ነው፣ ግን ይነበባል። ብረቷ አየችውና ወደ ድንቿ ተመለሰች።

ማታ አውቶቡስ ላይ አጣፊዋ መስኮቱን ተደግፋ ማስላት ጀመረች። እሷ አሁን ሃምሳ አንድ ናት፤ ጉንጬ አሥራ ሁለት። ልጅቷ ሃያ ሲሞላት እሷ ሃምሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ሲሞላት ስድሳ ዘጠኝ። አርባ ሲሞላት፣ ብላ ጀመረችና፣ ቲኬት ቆራጩ መጥቶ ፊቷ ሲቆም እፎይ ብላ ቦርሳዋን ከፈተች።